የለፋ ቆዳ

በአማርኛ ስለ ቆዳ ሥራ ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ ነገሩን አጥብቆ የሚይዘው «ማልፋት» የሚለው ነው። ከእርድ የወጣ ቆዳ ተፍቆ፣ ታሽቶና ተረግጦ ለልብስ ወይም ለዕቃ ሲበቃ «ለፋ» ይባላል፤ ሰውም ጉልበቱ እስኪያልቅ ሲሠራ እንዲሁ «ለፋ» ይባላል፤ በዚህም የቆዳው መለስለስና የሠሪው ድካም በአንድ ግሥ ተጋምደው ይኖራሉ። ከባድ የቆዳ ጃኬት ወይም ጠንካራ የቆዳ ጫማ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባውም ይኸው ነው፤ ቆዳ ያለ ልፋት ልብስ አይሆንምና፣ የሚጠየቀው ያ ልፋት በማን ትከሻ ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። በሰሜን ሸዋ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ደበሎ የተባለውን የበግ ቆዳ ልብስ የሚያለፋው ሰው ድካሙን ሁሉ ራሱ ጨርሶ ልብሱን ለስላሳ አድርጎ ያስረክብ ነበር፤ የዛሬው ፋብሪካ ግን ከባዱን ጫማና ጃኬት ገና ደረቅ ሳለ ይሸጥና የቀረውን ልፋት ለገዢው አካል ይተውለታል።

አገሩ ራሱ እንዲህ ያለ ልብስ የሚጠይቅ ነው። የመንዝ ጌራ ምድር ከተማ መሀል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ በአቅራቢያዋ ያለው የጓሳ ሜዳ ደግሞ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ማለዳ ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ረፋድ ላይ ግን ያው ሜዳ በፀሐይ ይግላል። ከዚህ አምባ ተነሥቶ በመርሐ ቤቴ በኩል ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ከውርጩ ወጥቶ ቆላው ወበቅ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የዚህ አገር ልብስ ሌሊት የሚያሞቅ፣ ቀን በትከሻ ላይ ጣል የሚደረግ፣ ሲወርዱ ተጠቅልሎ የሚያዝ ሊሆን ይገባዋል፤ ጫማውም ድንጋዩንና ጭቃውን፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን እኩል መቻል አለበት።

የደጋው ሰው ለዚህ ሁሉ የየራሱ መልስ ነበረው። ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመነው ባና የተባለው ወፍራም መደረቢያና ከዚሁ ጠጉር የሚሠራው በርኖስ የተባለው ካባ መንዝን በሌላው አገር ያስጠሩ ናቸው፤ ከጓሳ ሣር የሚጎነጎነው ገሳም ዝናቡን ይመልሳል። ከቆዳ የሚሠሩት ደግሞ ሌላ ወገን ናቸው። ደበሎ ከነጠጉሩ የለፋ የበግ ሌጦ ተሰፍቶ በትከሻ ላይ የሚወርድ ልብስ ሲሆን፣ እረኛውና የቆሎ ተማሪው በውርጭ ሌሊት ተከናንበውት ያደሩት ይኸው ነው፤ ለምድ ከዚያ ይልቅ ለክብርም ለጌጥም የሚደረብ ሲሆን፣ ዳባ የተባለው የቆዳ ልብስ የመነኮሳት ነው። አጎዛ ከነጠጉሩ ለመቀመጫና ለመኝታ ይነጠፋል፤ ቁርበትና ጀንዲ ከከብት ቆዳ የሚወጡ ምንጣፎች ናቸው፤ ስልቻ እህል፣ መጫኛ ጭነት ይይዛሉ። ይህን ያህል የስም ብዛት ያለው ሕዝብ ቆዳን በቅርብ የሚያውቅ ሕዝብ ነው፤ ዛሬ ከገበያ የተገዛ ጃኬት ከዓመት በኋላ ሲሰነጣጠቅ ባለቤቱ ምክንያቱን የማያውቅ መሆኑ የሚያሳዝነውም ለዚህ ነው።

በንግዱ አነጋገር «ቆዳ» የከብቱ ሲሆን የበግና የፍየሉ «ሌጦ» ይባላል፤ ልዩነቱም ከስም ያለፈ ነው። ማናቸውም ቆዳ በጥቅሉ ሁለት ንብርብር አለው፤ የላይኛው ጠጉሩ የበቀለበት፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ የሚታዩበት «ገጽ» ሲሆን፣ የታችኛው ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን የተሠሩ ጭረቶች እንደ ሽመና ተወሳስበው ጥንካሬ የሚሰጡበት ክፍል ነው። በከብት ቆዳ ውስጥ እነዚህ ጭረቶች ወፍራምና በጥብቅ የተቆላለፉ በመሆናቸው ለጫማና ለከባድ ጃኬት የሚመረጠው እርሱ ነው። የፍየል ሌጦ ቀጭን ቢሆንም ገጹ የጠበቀና ብርቱ ነው። የበጉ ነገር ግን እንደ በጉ ዓይነት ይለያያል፤ አጭር ጠጉር ያለው የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦው ጥቅጥቅ ያለና የሚለጠጥ ስለሆነ በዓለም ገበያ ለጓንት ሥራ ስሙ የታወቀ ሲሆን፣ ሱፍ የሚያበቅል በግ ግን የጠጉር ሥሩና የቅባት ዕጢው ብዛት በገጹና በሥሩ መካከል ክፍት ቦታ ስለሚተው ሌጦው ሲለፋ ይሳሳል፤ ገጹም በቀላሉ ይላቀቃል።

የመንዝ በግ ሻካራ ሱፍ ካላቸው ጥቂት የኢትዮጵያ በጎች አንዱ ነው። በአካሉ አነስተኛ፣ ጅራቱ ስብ የቋጠረ፣ ቀለሙ ብዙ ጊዜ ጥቁር ወይም ቡናማ፣ ውርጭንና የመኖ እጥረትን የሚችል ነው። ሱፉ ከተላጨ በኋላ የሚቀረው ሌጦ ነፋስና ድንጋይ ለሚጋፈጥ ከባድ ጃኬት አይመረጥም፤ ከነጠጉሩ ሲለፋ ግን በጠጉሩ መካከል የሚታሰረው አየር ሙቀትን ስለሚይዝ ለውርጭ ሌሊት የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ደበሎ የሠሩት ሰዎች ይህን የደረሱበት ያለ ማጉያ መነጽር ነው፤ ሌጦው ደካማ በሆነበት በኩል ሳይጠቀሙበት፣ ብርቱ በሆነበት በኩል ለበሱት።

ሌጦ መምረጥ የሚጀመረው ግን በጉ በሕይወት ሳለ ነው። በቆዳ ነጋዴዎችና በፋብሪካ ሠራተኞች ዘንድ «እከክ» የሚባለው ጉዳት የሚመጣው ከቅማልና በቀዝቃዛው ደጋ ከሚራባ ክንፍ አልባ፣ ደም መጣጭ የበግ ዝንብ ነው፤ ተባዩ ሲነክሰው የበጉ ቆዳ ይቆጣል፣ በጉም ከድንጋይና ከአጥር ጋር ይታከካል፤ ጉዳቱ በጠጉሩ ተሸፍኖ ይቆይና ጠጉሩ በፋብሪካ ሲነሣ ብቻ ገጹን የሞሉት ጥቃቅን ጉብታዎች ብቅ ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም፤ ቀለም ቢደራረብበት እንኳ ጉብታው ከሥር ይታያል። በእርድ ጊዜ በቢላዋ ጫፍ የሚደርሰው ጉዳትም እንዲሁ ነው፤ ቀዳዳው በግልጽ ይታያል፤ ግማሽ ድረስ የገባው ቁርጥ ግን ተደብቆ ይኖርና ጃኬቱ በተለጠጠበት ቀን ይከፈታል። ስለዚህ ገዢ ሌጦውንም ሆነ የተሠራውን ልብስ ከፊቱ ብቻ ሳይሆን ከሥጋው ጎን፣ ማለትም ከውስጡ ገልብጦ ወደ ብርሃን ዘርግቶ ቢያየው ብዙ ነገር ያነባል።

ደበሎ ሲለፋ ጠጉሩ እንዳይነቀል ሥራው ሁሉ በሥጋው ጎን ይካሄዳል። ትኩሱ ሌጦ ጠጉሩ ወደ መሬት ተደርጎ ዙሪያውን በችካል ተወጥሮ ይደርቃል፤ የቀረው ስብና የሥጋ ስስ ሽፋን በስለት ይፋቃል፤ ከዚያም ውሃ ተረጭቶበት እርጥበቱን ሲጠጣ ይጠቀለልና በእግር ይረገጣል፣ ይዘረጋና በሁለት እጅ ይታሻል፣ እንደገና ይረጥባል፣ እንደገና ይረገጣል። በኢትዮጵያ ደጋ በብዙ ስፍራ የእምቧይ ፍሬ ለዚህ ሥራ ይውላል፤ የግራር ቅርፊትና የቀንጠፋ ቅጠልም ቆዳን በማልፋትና ቀይ ቀለም በመስጠት የታወቁ ናቸው። በመጨረሻ ቅቤ ወይም ሞራ ይቀባል። ሥራው ማለቁ የሚታወቀው ከመሐሉ ሳይሆን ከጥጉ ነው፤ መሐሉ ቶሎ ይለሰልሳል፤ የእግሩና የአንገቱ ዳር ግን ይዘገያል፤ ዳሩ በሁለት ጣት ታጥፎ ሲለቀቅ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ገና ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ እንደ ጨርቅ ከተዘረጋ ለፍቷል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ቀላል ነው። በእርጥብ ቆዳ ውስጥ ያለው ውሃ ጭረቶቹን አለያይቶ ይይዛቸዋል፤ ውሃው ሲደርቅ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ቆዳውን እንደ እንጨት ያደርቁታል። እሽታውና ርግጫው ጭረቶቹ ሳይጣበቁ እንዲደርቁ ያደርጋል፤ ስቡ በመካከላቸው ገብቶ መንሸራተቻ ይሆናቸዋል፤ ከእፅዋት የሚገኘው ታኒን የተባለ ምላስ የሚያደርቅ ንጥረ ነገር ደግሞ ከኮላጅኑ ጋር ተሳስሮ እንዳይበሰብስ ይጠብቀዋል። አዲስ ጫማ በእግር ላይ «ሲለምድ» የሚሆነውም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም፤ እግሩ በተራመደ ቁጥር ጭረቶቹን እያላቀቀ ያሽና በሚታጠፍበት ቦታ የራሱን መንገድ ያወጣል።

ይህን ያህል ዕውቀት የተሸከሙት ሰዎች ግን ሲከበሩ አልኖሩም። ቆዳ አልፊው «ፋቂ» በሚል ስድብ ሲጠራ፣ የሠራው ደበሎ በትከሻ፣ የሠራው ማኅደር በቤተ መቅደስ፣ የሠራው ኮርቻ በመኳንንት ፈረስ ላይ ነበረ፤ እጁን የናቀ ኅብረተሰብ የእጁን ሥራ ለብሶ ዞሯል። ልጆች የአባታቸውን ሙያ ትተው የሸሹት በፋብሪካ ውድድር ብቻ ሳይሆን በዚህ ንቀት ጭምር ነው፤ ይህም በግልጽ ሊነገር የሚገባው በደል ነው።

የፋብሪካው መንገድ ፈጣን ነው። አውጉስጡስ ሹልትስ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1884 የፈጠራ መብት ካስመዘገበ ወዲህ እየተስፋፋ የመጣው በክሮም ጨው የማልፋት ዘዴ፣ በእፅዋት ሳምንታትና ወራት የሚፈጀውን ሥራ ወደ ሰዓታትና ቀናት አሳጥሮታል፤ ሞጆን በመሳሰሉ የአገራችን ከተሞች ያሉ የቆዳ ፋብሪካዎችም በብዛት የሚሠሩት በእርሱ ነው። በክሮም የለፋ ቆዳ ሲቆረጥ መሐሉ ወደ ሰማያዊነት ወይም ግራጫነት ያደላል፤ ቀላል፣ ለስላሳና ውሃ ሲነካው ቶሎ የማይበላሽ ስለሆነ ለጃኬት ይመቻል። በእፅዋት የለፋው መሐሉ ቡናማ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ደረቅ ቢሆንም ሲውል የለባሹን ቅርጽ ይይዛል፤ ለጫማ ውስጠኛ ሶልና ለቀበቶ የሚመረጠውም ስለዚህ ነው። ሁለቱም በሙቀት ፊት እኩል አይደሉም፤ እርጥብ ሆኖ ሲሞቅ ያልለፋ ቆዳ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ በእፅዋት የለፋው ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ባለው መካከል ይኮማተራል፤ በደንብ በክሮም የለፋው ግን የሚፈላ ውሃን ይቋቋማል። በመንዝ ቤቶች ማታ ማታ እርጥብ ጫማ ምድጃ ዳር የማስቀመጥ ልማድ ውስጠኛ ሶሉ በእፅዋት የለፋ ስንት ጥሩ ጫማ እንዳበላሸ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጃኬት የሚመርጥ ሰው ውፍረቱን ቀድሞ ይመልከት። ለስላሳው የበግ ሌጦ ጃኬት ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው፤ ነፋስና ግጭት ይችላል የሚባለው የከብት ቆዳ ግን ከ1 ሚሊሜትር በላይ ሆኖ እስከ 1 ነጥብ 4 ይደርሳል። ቀጥሎ ገጹ እውነተኛ መሆኑ ይፈተሻል፤ አውራ ጣት ሲጫነው እውነተኛ ገጽ በጣቱ ዙሪያ በጥቃቅን መስመሮች ይሸበሸባል፤ በላዩ ወፍራም ቀለም ወይም ፕላስቲክ የተለበጠበት ግን እንደ ጎማ ይሰረጉድና መልሶ ይነሣል። ከገጹ ተሰንጥቆ የተለየው የታችኛው ንብርብር ብቻውን ቀለም ተቀብቶ እንደ ሙሉ ቆዳ ሲሸጥ ይገኛል፤ እርሱም ቆዳ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ጥብቁ ገጽ ስለሌለው በሚታጠፍበት ክርን ላይ ቶሎ ይላጣል። ትከሻው በትክክል መቀመጥ አለበት፤ ቆዳ በደረትና በጀርባ ጥቂት ይሰጣል፣ በትከሻ ስፌት ግን አይሰጥም። እጅጌው ግን አንጓን አለፍ ቢል ይሻላል፤ ክርኑ ሲሸበሸብ እጅጌው ወደ ላይ ይሰበሰባልና።

ከባድ ጃኬት የሚለፋው በመለበስ ብቻ ነው። በቤት ውስጥም ቢሆን በየቀኑ ጥቂት ሰዓት ለብሶ መሥራት፣ ክንድን ማጠፍና መዘርጋት፣ ሲወልቅም በሰፊ ማንጠልጠያ መስቀል ይበቃዋል። በውሃ ነክሮ በአካል ላይ ማድረቅ ወይም በድንጋይ መቀጥቀጥ ቅባቱን አውጥቶ ጭረቱን ይሰብራል። እዚህ ላይ የሰልቫጅ ጃኬት ነገር ሳይነሣ አይታለፍም፤ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ከባድ ጃኬት ልፋቱን ሌላ ሰው ጨርሶለት የመጣ በመሆኑ፣ ብብቱና አንገቱ ያልተሰነጠቀ ከተገኘ ከብዙ አዲስ ጃኬት ይሻላል። ጫማ ግን ሌላ ነው፤ ያገለገለ ጫማ ውስጠኛ ሶሉ የሌላውን እግር ቅርጽ ይዟልና ርካሽ ቢሆንም መተዉ ይመረጣል።

በዚህ ደጋ ጫማ ከምቾት ያለፈ ነገር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው ላይ የሚከሰተው የእግር እብጠት፣ በኢትዮጵያ የሠራው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ «ፖዶኮኒዮሲስ» ብሎ የሰየመው ሕመም፣ የብዙ ደገኛ ገበሬዎችን ጉልበት ወስዷል፤ ከሕፃንነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ይከላከለዋል። ሕዝቡ «ከስክስ» የሚለው ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነው የወታደር ዓይነት ጫማ ለድንጋያማው መንገድ ጥሩ ነው፤ የላዩ ቆዳ 2 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን፣ ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ ሳይሆን ዙሪያውን የተሰፋ ቢሆን፣ ሶሉ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ አውልቆ ሌላ ሊተካበት ይችላል። እግር ከሰዓት በኋላ ስለሚያብጥ መለካቱ በዚያ ሰዓት፣ በሚደረገው ወፍራም ካልሲ ይሁን፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር፤ ወደ ጀማ የሚወርደው ቁልቁለት ይህን ቦታ የነፈገውን ሰው ጥፍሩን ያስከፍለዋል። ተረከዙ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ቢነሣ ሶሉ መታጠፍ ሲለምድ ይተዋል፤ የእግሩን ጎን የሚጨብጥ ጫማ ግን ፎርማው፣ ማለትም ጫማው የተወጠረበት የእንጨት ወይም የፕላስቲክ እግር፣ ለዚያ ሰው ጠባብ ነውና ይለምዳል ብሎ መግዛት ስሕተት ነው።

አዲስ ጫማ ምን ያህል እንደሚበድል ዓለም ካየባቸው ታሪኮች አንዱ የዚሁ አካባቢ ልጅ ታሪክ ነው። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን ወር በሮም ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው ለውድድሩ የተገኘለት አዲስ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው ነበር በለመደው መንገድ የሮጠው፤ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ግን ጫማ አድርጎ ሮጦ ደግሞ አሸነፈ። ልምድ ያለው እግር ካልለመደ ጫማ ይበልጣል፤ የለመደ ጫማ ግን ከሁለቱም ይበልጣል። ስለዚህ አዲስ ከስክስ አድርጎ ከመሀል ሜዳ ረጅም መንገድ መጀመር ሞኝነት ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት በቤትና በደጅ በቀን አንድና ሁለት ሰዓት፣ ቀጥሎ ገበያ ደርሶ መመለስ፣ ከዚያ ሙሉ ቀን፣ በየመካከሉም ጫማው ላቡን እንዲያወጣ አንድ ቀን ማሳረፍ ተገቢ ነው። የተረከዙ ዳር የሚቆርጥ ከሆነ በእጅ ወዲያና ወዲህ ማሸት ይረዳል፤ ይህም ደበሎ አልፊው በጥጉ ላይ የሚያደርገው ያው ሥራ ነው።

ለእንክብካቤው በየቤቱ ያለው ሁሉ አይሆንም። ተልባ በመንዝ ይዘራል፤ ዘይቱ ግን አየር ሲያገኘው እንደ ቀለም የሚጠነክር ስለሆነ ቆዳ ላይ ሲደርቅ ያሰነጣጥቃል። ቅቤ ያለሰልሳል፤ ዳሩ ግን ይሸታል፣ አይጥንም ይጠራል። ንጹሕ ሰም ከጥቂት ሞራ ጋር በቀስታ ቀልጦ በስሱ ቢቀባ ውሃን ይመልሳል፤ ሊስትሮዎች የሚጠቀሙበት ሰም ያለው የጫማ ቀለምም ለዘወትር ይበቃል። ጭቃው ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ የረጠበ ጫማ ውስጡ በወረቀት ወይም በደረቅ ገለባ ተሞልቶ ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ ይድረቅ፤ በክረምት ጃኬቱ በሣጥን ሳይዘጋ ነፋስ በሚያገኝበት ይሰቀል፤ ሻጋታ የሚወደው የታፈነ እርጥበት ነውና።

በቅርብ ዓመታት በበዓል ማግስት የበግ ሌጦ ገዢ አጥቶ በየመንገዱ ተጥሎ ይታያል። በአንድ በኩል እንዲህ እየተጣለ፣ በሌላ በኩል ደገኛው ልጅ በውርጭ ሌሊት በስስ የናይለን ጃኬት ተኮራምቶ ከብት ይጠብቃል። ሌጦው ከእርድ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሥጋና ደሙ ተጠርጎ፣ የሥጋው ጎን በደረቅ ጨው ተለብጦ፣ ታጥፎ በጥላ ቢቀመጥ አልፊ እስኪገኝ ይቆያል። በቀደመው ዘመን በደጋው ቤት ይህ አይባክንም ነበር፤ ደበሎው በትከሻው በኩል ሲሳሳ ጀርባው ተቆርጦ አጎዛ ይሆናል፤ አጎዛው ጠጉሩ ሲያልቅ ይቀደድና ጠፈር ይወጣዋል፤ ጠፈሩም ዕቃ ይታሰርበታል። የከተማው ጫማ ሰፊ ዛሬም ይህን አልተወም፤ ወስፌውን ከሣጥኑ አውጥቶ ያለቀ ከስክስ ቁርጭምጭሚት ላይ ያለውን ያልተነካ ቆዳ ይቆርጥና ለሚቀጥለው ደንበኛ ጫማ መጣፊያ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ከአዲስ ቆዳ ይልቅ እርሱን የሚመርጠውም ከረጅም ጉዞ የተረፈ፣ የለፋ ስለሆነ በመርፌ ስር ስለማይሰነጠቅ ነው።